የታመመው ጥርስ ቀርቶ ደህናው ሲነቀል

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከአራት ወር በፊት የታችኛው ግራ መንጋጋዋ እንቅልፍ ሲነሳት አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ የግል የጥርስ ክሊኒክ ወሰድኳት። ራጅ ተነሳች፣ ፎርም ፈረመች፣ ተነቀለላት። ማደንዘዣው ሲለቃት ግን ሕመሙ እንዳለ ነው። “ቁስሉ ነው፣ ይተዋታል” አሉን። በሳምንቱ ሌላ ክሊኒክ ስንሄድ የተበላሸው ጥርስ እዚያው ቁጭ ብሏል። የተነቀለው ከጎኑ ያለው ደህናው ነው። ተመልሰን ስንጠይቅ ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ “ፈርመዋል እኮ” አለን። ቆይቶ ደግሞ የከፈልነውን 1,800 ብር ሊመልስልንና “ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም” የሚል ወረቀት ሊያስፈርመን ፈለገ። አልፈረምንም። ደረሰኙ ላይ “37 መንቀል” ይላል፤ ምን ማለት እንደሆነ አልገባንም። እናቴ “ሐኪም አይከሰስም” ትላለች። የታመመውን ጥርስ ደግሞ “ማስረጃዬ ነው” ብላ እስካሁን አላስነቀለችውም፤ በማስታገሻ ነው የምትውለው። መክሰስ እንችላለን? ጊዜውስ አላለፈብንም?

መልስ፦ ለእናትዎ ምሕረቱን ይላክላቸው። መክሰስ ይችላሉ። ጊዜውም አላለፈም። ያንን ወረቀት አለመፈረማችሁም ትልቅ ነገር ነው።

ከደረሰኙ ልጀምር፤ ምናልባት በእጃችሁ ካለው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። የጥርስ ሐኪሞች እያንዳንዱን ጥርስ በሁለት አኃዝ ይጠሩታል። የመጀመሪያው አኃዝ አፍ ከሚከፈልባቸው አራት ክፍሎች የትኛው እንደሆነ ይነግራል፤ 3 ማለት የታች ግራ ነው። ሁለተኛው አኃዝ ከፊት ከመሃል ተነስቶ ወደ ኋላ ሲቆጠር ስንተኛው ጥርስ እንደሆነ ይነግራል። ስለዚህ 37 በታች በግራ በኩል ሰባተኛው ጥርስ ነው። ከፊቱ ያለው ደግሞ 36 ነው። የተነቀለው 36 ሆኖ ክሊኒኩ ግን ለ37 ገንዘብ ተቀብሎ ከሆነ፣ ሊነቀል የታሰበው የትኛው እንደነበር በራሱ ወረቀት መስክሯል። ዛሬውኑ ኮፒ አድርጉት። የማሽን ደረሰኝ ከሆነ ጽሑፉ ቶሎ ይደበዝዛል።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሕክምና ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በአንቀጽ 2647 መሠረት ሐኪም ለታካሚው ተጠያቂ የሚሆነው በሙያው ደንብ ሲመዘን ጥፋት ሠርቶ ሲገኝ ነው። አንቀጽ 2031ም ባለሙያ ሁሉ የሙያውን ሥርዓት ተከትሎ እንዲሠራ ያዛል። ባለመጠንቀቅ ወይም በቸልታ ከሙያው ደንብ ከወጣ ኃላፊ ነው።

እዚህ ላይ ለሌሎች አንባቢዎችም አንድ ነገር ልበል፤ ስለ ጥርስ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚወድቁት እዚህ ነው። ሐኪም ሙያው የሚጠይቀውን ሊያደርግ ይገደዳል፤ ለመዳን ግን ዋስ አይሆንም። ከተነቀለ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ ላይ የረጋው ደም ወልቆ ኃይለኛ ሕመም ሊመጣ ይችላል። የመጨረሻው መንጋጋ ሲነቀል ሥሩ ነርቭ አጠገብ ከሆነ ከንፈር ሊደነዝዝ ይችላል። እነዚህ ሐኪሙ ሁሉን በወጉ አድርጎም የሚያጋጥሙ ናቸው። በዚያ ጊዜ የሚጠየቀው አስቀድሞ ነግሮ ነበር ወይ፣ ከደረሰ በኋላስ በአግባቡ ተከታትሏል ወይ የሚለው ነው። ደህናውን ጥርስ በታመመው ፈንታ መንቀል ግን ከዚህ ጋር አንድ ላይ የሚቆጠር አይደለም። ራጁን አይቶ፣ አፍ ውስጥ ቆጥሮ፣ ታካሚውን “ይሄ ነው አይደል?” ብሎ ጠይቆ የሚጀምር ሐኪም እዚህ ስህተት ላይ አይወድቅም።

“ፈርመዋል” የሚለው መከላከያ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ በብዙ ሕመምተኛ ላይም እንደ መዝጊያ ሲያገለግል አያለሁ። አያስደንግጣችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 20 ማንም ሰው ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ማለት ይችላል። ፈቃድ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። እናትዎ የፈቀዱት ደግሞ የታመመው ጥርስ እንዲነቀል ነው። ግራ እግሩን ለማስቆረጥ የፈረመ ሰው ቀኙን አሳልፎ አልሰጠም። ፎርሙ “ለሚደርሰው ሁሉ ክሊኒኩ ኃላፊ አይሆንም” የሚል መስመር ቢኖረው እንኳ፣ ሐኪሙ በራሱ ጥፋት ላደረሰው ጉዳት መሸሸጊያ አይሆንም።

ማንን እንከሳለን ካላችሁ፣ ሐኪሙንም ክሊኒኩንም ነው። የጤና ተቋም የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች በጥፋታቸው ለሚያደርሱት ጉዳት በአንቀጽ 2651 በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ነው። “ሐኪሙ ከእኛ ለቋል” ቢሏችሁ አትደናገጡ፣ በዕለቱ በክሊኒኩ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አንድ ቀላል የሚመስል ግን ክስ የሚያዘገይ ነገር አለ። በር ላይ የተጻፈው ስምና ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ጊዜን በተመለከተ፣ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ አንቀጽ 2143። የውል ክስ በመርህ ደረጃ አሥር ዓመት አለው፤ የእናንተም ጉዳይ ከሕክምና ውል የመነጨ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ ግን በዚያ እንድትተማመኑ አልመክርም። የክሊኒኩ ጠበቃ ከመልሱ አንደኛ ተራ ቁጥር ላይ ይርጋን፣ ማለትም የመክሰሻው ጊዜ አልፏል የሚለውን መከላከያ፣ ማንሳቱ አይቀርም፤ ያንን በር ከወዲሁ መዝጋት ነው። ጥርሱ ከተነቀለበት ቀን ጀምራችሁ ሁለት ዓመት ቁጠሩ፣ ከዚያ በጣም ቀደም ብላችሁ ፋይል ክፈቱ።

ማስረጃው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ክሱ የሚሸነፈውም የሚረታውም እዚያ ነው። የማስረዳት ሸክሙ የከሳሽ ነው። ከሁሉ የሚያስፈልጋችሁ ከመነቀሉ በፊት የተነሳው ራጅ ነው። ክሊኒኩ “እሱም ጥርስ ተበልቶ ነበር” ማለቱ አይቀርም፤ ለዚያ መልስ ያለው እዚያ ፊልም ላይ ነው። የሕክምና ካርዱን ኮፒና ራጁን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የጠየቃችሁበት ደብዳቤ ላይም መቀበላቸውን አስፈርሙ። ራጁ በኮምፒውተር ከሆነ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይላኩላችሁ። “በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ካልሆነ” ካሉ አትጨቃጨቁ፤ ክሱ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብ ይጠየቃል። ሁለተኛው ክሊኒክ ደግሞ ያየውን በማኅተም ይጻፍላችሁ፤ የትኛው ቁጥር እንደጎደለ፣ የትኛው ተበላሽቶ እንዳለ፣ መቼ እንዳያችሁ። በቃል “ተሳስተዋል” ማለቱ ችሎት ላይ ብዙም አይረዳም።

ጎን ለጎን ለአዲስ አበባ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አቤቱታ አስገቡ። የጤና ተቋማትን የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ የባለሙያ ጥፋትንም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረምራል። ኮሚቴው ካሳ አያስከፍልም። ነገር ግን ጉዳዩን የሚያዩት የሙያው ሰዎች ናቸው፣ ካርዱንም ማስቀረብ ይችላሉ። በባለሙያ የተሰጠ ውሳኔ ይዞ ችሎት መቅረብ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ፖሊስ ጋ መሄድም ይቻላል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት አካል መጉዳት ወንጀል ነው፤ እንደ ሐኪም የሌላውን ጤና የመጠበቅ የተለየ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ ቅጣቱ ይከብዳል። ለእናንተ ግን ከዚህ መጀመርን አልመርጥም። የወንጀል ጉዳይ የማስረጃ ደረጃው ከፍ ያለ ነው፣ ጥርሱንም አይተካም።

ካሳውስ ስንት ነው? መርሁ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን የሚል ነው። ለመንቀያ የከፈላችሁት 1,800 ብር ከሁሉ ትንሹ ነው። መንጋጋ ሲጎድል አጥንቱ እየሟሸሸ ይሄዳል፣ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ ከላይ ያለው ጥርስም ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ማስተከል ወይም ብሪጅ ማሠራት የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ወደፊት መድረሱ እርግጠኛ የሆነ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ እንደሚካስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2092 ይላል። ከሁለት ከሦስት ክሊኒክ ፕሮፎርማ አውጡና ከክሱ ጋር አያይዙ። የሁለተኛው ክሊኒክ ወጪ፣ መድኃኒት፣ ትራንስፖርት፣ እናትዎ ሥራ ካላቸው የቀረባቸው ገቢም ይደመራል። ልኩ በትክክል ሊታወቅ ያልቻለውን ዳኛው በአንቀጽ 2102 በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ብሎ ባመነበት መጠን፣ ይወስናል።

የሞራል ካሳው ግን ያናድደኛል። አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቦታል። ያ ጣሪያ ከስድሳ ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቷል። አራት ወር ሙሉ በአንድ ጎን የበሉ፣ ሌሊቱን ጉንጫቸውን ይዘው ያደሩ እናት ሥቃይ በዛሬ 1,000 ብር ይለካል ማለት በደል ነው። ሕግ አውጪው ሊያስተካክለው ይገባል። እስከዚያው ጉልበታችሁን በፕሮፎርማውና በደረሰኙ ላይ አድርጉ።

ያ የ1,800 ብር ወረቀት የዕርቅ ውል ነው። ዕርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ እንደሚቆጠር አንቀጽ 3312 ይናገራል። ቢፈረም ኖሮ ዛሬ ብዙ የምመክራችሁ አይኖረኝም ነበር። ዕርቅን ግን አልጠላም። ክሊኒኩ ጥርሱን የመተካት ሙሉ ወጪ ልሸፍን ካለ፣ ያ በጽሑፍ ይስፈርና ተቀበሉ። ክስ ብትመሠርቱም የፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ወደ አስማሚ ሊመራችሁ ይችላል።

ከሳሿ እናትዎ ናቸው። ችሎት መመላለሱ ከከበዳቸው በሰነዶች ማረጋገጫ ውክልና ይስጡዎትና ልጃቸው እንደመሆንዎ እርስዎ ይቁሙላቸው። የዳኝነት ክፍያ ካቃታችሁ በደሃ ደንብ መክሰስን መጠየቅ ይቻላል። “ሐኪም አይከሰስም” ለሚሉት፣ ሐኪምን ማክበራቸውን ሳይተዉ መብታቸውን መጠየቅ እንደሚችሉ ይንገሯቸው። የሚጠየቀው የጎደለው ጥርስ እንዲተካ ነው እንጂ ሐኪሙን ለማዋረድ አይደለም።

የታመመውን ጥርስ ለማስረጃ ብሎ ማቆየት ግን ዛሬውኑ ይቁም። ተጎጂ ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚችለውን ማድረግ አለበት፤ ካላደረገ ክሊኒኩ “ያባባሱት ራሳቸው ናቸው” ብሎ ካሳውን ያስቀንሳል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ጤናቸው ነው፤ የጥርስ ኢንፌክሽን ወደ መንጋጋና ወደ አንገት ሊሰራጭ ይችላል። አዲስ ራጅ ይነሱ፣ ሐኪሙ ያየውን ይጻፍ፣ ከዚያ በዚህ ሳምንት ይታከሙ። የሚነቀል ከሆነ ጥርሱን ራሱን ተቀብላችሁ በትንሽ ዕቃ አስቀምጡት፤ ሐኪሙ 37 መሆኑን ካርዱ ላይ ይጻፍላችሁ።