«ወለል»፣ «ገጽ» ወይስ «ድንበር»?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የፊዚክስ መምህር ነኝ። ውሃ መስታወት ሲነካ ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ለተማሪዎቼ ምን ብዬ ልጥራው? አንዱ «ወለል» ይላል፣ ሌላው «ገጽ»።

መልስ፦ «ወለል»ን ይተዉት። ወለል የምንረግጠው ነው፤ ውሃ ላይ ሲመጣ ያምታታል። ደብረ ብርሃን «ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር» ላይ ናት ሲባል ልጁ የባሕሩን ታች ቢያስብ አይፈረድበትም። እዚያም ቢሆን «ከባሕር ጠለል በላይ» ይሻላል።

«ገጽ» ጥሩ ቃል ነው፤ ግን የአንድ ነገር ብቻ ነው። የመስታወቱ ገጽ፣ የውሃው ገጽ እንላለን። እርስዎ የፈለጉት ሁለቱ የሚጋሩትን ነው። «መገናኛ» የሚሉም አሉ። አዲስ አበባን የሚያውቅ ተማሪ ግን ሐሳቡ ታክሲ ተራ ይሄድብዎታል።

እኔ «ድንበር»ን እመርጣለሁ። የመንዝና የተጉለት ገበሬ ድንበር ሲል ቀጭን መስመር ማለቱ አይደለም። በሁለት ማሳ መካከል ሳይታረስ የቀረ፣ ሳር የበቀለበት፣ ስፋት ያለው መሬት ነው። የውሃውም ድንበር ስፋት አለው። አንድ የውሃ ሞለኪውል 0.3 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ናኖሜትር ደግሞ የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ። ለስላሳ ገጽ አጠገብ ያሉት ሞለኪውሎች እንደ ልባቸው አይሆኑም፤ በረድፍ በረድፍ ይደረደራሉ። ሁለት ሦስት ረድፍ፣ ማለትም አንድ ናኖሜትር ያህል ራቅ ሲባል ነው የለመድነው ውሃ የሚመጣው።

ጠባዩም ይለያል። ተራ ውሃ የኤሌክትሪክ መስክን 80 ጊዜ ያህል ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2018 የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥቂት ረድፍ ብቻ በሚይዝ ክፍተት ውስጥ የታሰረ ውሃ ሲለኩ ቁጥሩ ወደ 2 ወርዶ አገኙት። ያው ውሃ ነው እኮ!

በኅዳር ማሳችሁን የሚመታው ውርጭም ለክፍል ይጠቅማል። በበረዶና በአየር ድንበር ላይ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ ትንሽ ወረድ ቢልም፣ ፈሳሽ መሰል ስስ ሽፋን አለ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ ሐሳቡን ያነሣው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው።

አጻጻፉ «የውሃና የመስታወት ድንበር» ይሁን። «ወሰን»ን ሥዕል ሲሥሉ በሁለቱ መካከል ለሚያሰምሩት መስመር ያቆዩት። ድንበሩ ስፋት ስላለው «ድንበሩ ላይ» ብቻ ሳይሆን «ድንበሩ ውስጥ ያለው ውሃ» ማለትም ያስኬዳል።