ከሽምብጥ የተቀዳው የአጭር ሞገድ ሲግናል፦ ስም ከማውጣታችን በፊት እንለካው

ሰላም ወንድማችን። የጠየቅኸው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ላይ ምሽት 2 ሰዓት ገደማ፣ 8 ሜጋኸርዝ አካባቢ በላይኛው ሳይድባንድ (ዩኤስቢ በሚባለው የመቀበያ አሠራር) ስለሰማኸው ድምፅ ነው፦ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ ሲንጫጫ ይመስላል፣ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ይቋረጣል፣ ዲጂታል ንግግር (ወደ ቁጥር ተቀይሮ የሚላክ የሰው ድምፅ) ይሆን ወይ? ሊሆን ይችላል። በላክኸው ቅጂ ግን መወሰን አይቻልም፤ የቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርገህ ነው የላክኸው። ቴሌግራም ኦፐስ በሚባል የድምፅ መጭመቂያ ይጨምቀዋል። ኦፐስ የሚጥለው ጆሮ የማያስተውለውን ነው፣ እኛ የምንለካው ደግሞ ያንኑ ነው።

እንደገና ስትቀዳ ዌቭ ፋይል ይሁን፦ ሞኖ፣ 16 ቢት፣ በሰከንድ 12,000 ናሙና ይበቃል። የማጣሪያውን ስፋት እስከ 3.5 ኪሎኸርዝ ክፈተው፣ የጩኸት መቀነሻውንና ኖቹን (ነጠላ ፉጨት የሚቆርጠውን ማጣሪያ) አጥፋ። ጠባብ ማጣሪያ የዳር ቶኖችን (ሲግናሉ የተሠራባቸውን ነጠላ ድምፆች) ይቆርጥና ቆጠራው ይበላሻል። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሲጀምርና ሲያቆም ያዘው፤ መጀመሪያው ከመሃሉ የበለጠ ይናገራል። ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ጻፍ፤ የእኛ ምሽት 2 ሰዓት 17:00 ነው። ስልኩ 20:00 ስለሚል 20:00 ዩቲሲ ብሎ መመዝገብ የተለመደ ስህተት ነው።

ሲግናሉ እውነት እዚያው መሆኑንም አረጋግጥ። አርቲኤል ኤስዲአር ዶንግል (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ) በቀጥታ ናሙና፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲውን ሳይቀይር፣ የምትጠቀም ከሆነ፣ 8 ላይ የታየህ የ20.8 ሜጋኸርዝ ጥላ ሊሆን ይችላል፤ የሁለቱ ድምር የዶንግሉ የናሙና ፍጥነት 28.8 ነውና። ኢንተርኔት ላይ ካሉት የኪዊ ኤስዲአር መቀበያዎች በአንዱ እዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ በዚያው ደቂቃ አዳምጥ። በሲግናሉ ሥዕል ላይ የሚታዩት መስመሮች በ100 ኸርዝ ልዩነት ከተደረደሩ ደግሞ ምንጩ የመብራት መስመሩ ወይም የጎረቤት አምፖል መሆኑን ጠርጥር፤ ላፕቶፑን በባትሪ አድርገህ የቤቱን መብራት ከቆጣሪው አጥፍተህ እይ።

አሁን ወደ ልኬቱ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ሲግናሉ ያለበትን አሥር ሰከንድ ያህል ምረጥና ስፔክትረሙን (ጉልበቱ በየፍሪኩዌንሲው እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየውን ሥዕል) በ4096 መጠን አውጣ። ጫፎች ከታዩህ ቁጠራቸው። በሁለት ጎረቤት ጫፎች መካከል ያለውን ርቀት ብቻ አትለካ፤ በዚህ መጠን ስህተቱ 3 ኸርዝ ይደርሳል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለክተህ በክፍተቶቹ ቁጥር አካፍል። 39 ጫፎች ካሉ ክፍተቱ 38 ነው፤ ያው የ3 ኸርዝ ስህተት ወደ 0.1 ኸርዝ ይወርዳል።

ይህ የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። የወታደራዊው ባለ 39 ቶን ሞደም (ዲጂታል መረጃን በሬዲዮ በድምፅ የሚልክ መሣሪያ) በቶኖቹ መካከል ያለው ልዩነት 56.25 ኸርዝ ነው፤ የአማተሮቹ (የትርፍ ጊዜ ሬዲዮ ተጠቃሚዎቹ) ዲጂታል ንግግር የሆነው ፍሪዲቪ 700ዲ ደግሞ 55.56 ገደማ። ለዓይን አንድ ናቸው። ስፋታቸው ግን ይለያል፦ ፍሪዲቪው 17 ተሸካሚ (መረጃ የሚሸከም ቶን) ብቻ ስላለው 1 ኪሎኸርዝ አይሞላም፣ ባለ 39ኙ ከ2.1 ኪሎኸርዝ በላይ ይይዛል። ባለ 39ኙ ከቡድኑ በታች ለብቻው የቆመ የዶፕለር ቶንም (ተቀባዩ የፍሪኩዌንሲ መዛባትን የሚያርምበት) አለው፤ ከመጀመሪያው ቶን የሚርቀው 281.25 ኸርዝ ነው። ሬዲዮህን 200 ኸርዝ አዛብተህ ብትከፍት እንኳ ይህ ርቀት አይለወጥም፣ ስለዚህ ከሁሉ በላይ የማምነው እሱን ነው። መጀመሪያው ላይ አራት ቶን፣ ቀጥሎ ሦስት ቶን ብቻ ከሰማህ ባለ 39ኙ ለመሆኑ ጥርጣሬው አበቃ። 8 ሜጋኸርዝ የአማተር ባንድ ስላልሆነ ፍሪዲቪ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው።

ጫፍ የሌለው፣ መሃሉ 1800 ኸርዝ ላይ የሆነ ለስላሳ ጉብታ ካየህ ነጠላ ተሸካሚ ያለው የ2400 ባውድ (በሰከንድ 2400 ምልክት የሚልክ) ሞደም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ያው ሞደም ንግግርም ጽሑፍም ይሸከማልና ቅርጹ ብቻውን «ድምፅ ነው» አያሰኝም። ጠባዩን ተመልከት፦ ከ3 እስከ 20 ሰከንድ መናገር፣ ዝም ማለት፣ ከዚያ በሌላ ጉልበት የሚመጣ መልስ የሰዎች ውይይት ነው። ደቂቃዎች ሙሉ ሳያቋርጥ የሚሄድ ዳታ ነው። 10 ኪሎኸርዝ ስፋት ያለው፣ አናቱ ጠፍጣፋ፣ የማይቋረጥ ግድግዳ ዲአርኤም (ዲጂታል የሬዲዮ ጣቢያ) ስርጭት ነው፤ ያንተ ግን ስለሚቋረጥ አይመስለኝም።

ምሽት ላይ ጫፎቹ ደብዝዘው ከታዩህ መቀበያህን አትውቀስ። የምንኖረው ከመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ብዙም ሳንርቅ ነው፤ ፀሐይ ከገባች በኋላ አዮኖስፌሩ (አጭር ሞገድን የሚመልሰው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል) ይታወክና ሲግናሉን ያርገበግበዋል፣ ቀጭኑ መስመር ይወፍራል። ያው ጣቢያ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ከተገኘ የዚያን ጊዜውን ቅጂ ምረጥ።

39 ቶንና የዶፕለር ቶኑ ከተገኙ መለየቱ እዚያ ያበቃል፤ ንግግር ከሆነም አብዛኛውን ጊዜ የተመሰጠረ ነውና ያለ ቁልፉ ፕሮግራም ወደ ቃል አይመልሰውም። አዲሱን ዌቭ ፋይል ስትልክ ትክክለኛውን ፍሪኩዌንሲ፣ የዩቲሲ ሰዓቱንና የቆጠርከውን የጫፍ ብዛት አብረህ ጻፍ፤ ቆጠራውን አብረን እናየዋለን።