ፉል ተሞልታ ቤንዚን የሚጠማት ዲኤክስ

የጠያቂያችን ችግር ባጭሩ ይሄ ነው። ከአባቱ የቀረች ኮሮላ ዲኤክስ አለችው፣ ሞተሯ 4ኬ፣ ባለ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ)። ግቢ ውስጥ ቆማ ትከርምና በወር አንዴ ከአዲስ አበባ ወደ ቢሾፍቱ ትወጣለች፣ እናቱን ለመጠየቅ። ቃሊቲን አለፍ ሲል ጉልበት ታጣለች፣ ትንተፋተፋለች፣ ከዚያ ቀጥ። ጥቂት ደቂቃ አሳርፎ ሲሞክራት ትነሳለች፣ ትንሽ ሄዳ ያው ነው። ካንዴላ ተቀየረ። ኮይል ተቀየረ። ካርቡራተሩ ተፈቶ ታጠበ። አሁን ደግሞ "የኤሌክትሪክ የቤንዚን ፖምፓ ግዛ" ተብሏል። ደብዳቤውን ሲጨርስ እግረ መንገዱን ሁለት ነገር ጣል አድርጓል። አንደኛው "ፉል ሳስሞላት ይብስባታል፣ ማደያው ውሃ የገባበት ቤንዚን ሸጦልኝ ይሆን?" የሚል ነው። ሁለተኛው "መካኒኩ ግን ግቢውን ያስቸገረንን የቤንዚን ሽታ አጥፍቶልኛል" የሚል።

ወንድሜ፣ ፖምፓውን አትግዛ። መልሱ በነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አለ። ማደያውንም ለጊዜው ተወው፤ ውሃ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ቃሊቲ እስክትደርስ አትጠብቅህም ነበር። እኔ የምጠረጥረው የነዳጅ ታንከሯ መተንፈሻ መደፈኑን ነው። የደፈነውም ሽታውን ያጠፋልህ ሰው ይመስለኛል።

ሽታው ከየት ይመጣ ነበር? ከታንከሩ ወይም ከመሙያው አንገት የሚነሳ ቀጭን የአየር ቱቦ አለ። ላስቲክ ስለሆነ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፣ በተለይ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና። ሲሰነጠቅ ግቢው ይሸታል። ትክክለኛው ሥራ ቱቦውን መቀየር ነው፣ ርካሽ ነገር ነው። አቋራጩ ግን ጫፉን በብሎን መወተፍ ነው። ወይም ኦሪጅናሉን ክዳን ጥሎ፣ ከሶማሌ ተራ ቁልፍ ያለው ያንን የማይረባ ክዳን ገዝቶ መግጠም፤ ጎማው ድፍን ነው፣ አየር የምታስገባ ቀዳዳ እንኳን የለውም። ሽታው በርግጥ ይጠፋል። መኪናዋም አብራ ትጠፋለች።

ሙከራው ገንዘብ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ስትጠፋብህ ከአስፋልቱ ውጣ፣ ድርብ ፍሬቻ አብራ፣ ቁልፉን ደጋግመህ አታሽከርክር። ወደ ኋላ ሂድና ክዳኗን ቀስ ብለህ ክፈት። ፊትህን ዘወር አድርግ፣ ጆሮህን ግን ስጥ። "ፍስስስ" ብላ አየር ወደ ውስጥ ከሳበች አገኘኸው። ወደ ውስጥ መሆኑን ለማወቅ ቁራጭ ሶፍት ጠጋ አድርግ፣ ፀሐይ ላይ የዋለች መኪና ወደ ውጭም ስለምትተነፍስ። ከዚያ አስነሳት። ምንም እንዳልሆነች ሆና ከሄደች ነገሩ አልቋል። ለማረጋገጥ ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ሳታጠብቅ፣ ሳይወድቅ ላላ አድርገህ፣ አጭር መንገድ ንዳት።

አሁን ፉል ሲሞላ ለምን እንደሚብስ ላስረዳህ፣ ይቺን ነገር ሳስረዳ አልጠግብም። ከታንከሩ 1 ሊትር ቤንዚን ሲወጣ በቦታው 1 ሊትር አየር መግባት አለበት። ካልገባ ውስጥ ያለው አየር ሰፋ ብሎ ይሳሳል። የሃይላንድ ጠርሙስ አፉን በከንፈርህ ገጥመህ ስትጠጣ ውሃው እምቢ ብሎ ፕላስቲኩ እንደሚጨማደደው ማለት ነው። እንበል 50 ሊትር የሚይዘው ታንከር ፉል ተሞልቶ ከላይ 5 ሊትር አየር ብቻ ቀርቷል። 1 ሊትር ስታቃጥል ያ 5 ሊትር አየር 6 ሊትር ቦታ ይሞላል፣ ግፊቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። የቤንዚኑ ተን ጥቂቱን ይተካል እንጂ ሁሉን አይደለም። ግማሽ ታንክ ከሆነ ግን 25 ሊትር አየር አለ፣ ያው 1 ሊትር ሲወጣ ቅነሳው አንድ ሃያ ስድስተኛ ነው፣ መኪናዋ ሳታውቀው ቢሾፍቱ ትገባለች። በዚያ ላይ መንገድህ ቁልቁለት ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር አካባቢ ናት፣ ቢሾፍቱ ወደ 1,900 ትወርዳለች። በወረድክ ቁጥር የውጭው አየር ይከብዳል፣ የታሸገው ታንከር ግን የላይኛውን የሳሳ አየር እንደያዘ ነው፣ ስለዚህ ልዩነቱ ይሰፋል። ሞተሩ ጎን ላይ ያለችው የዲኤክስ ፖምፓ ደግሞ በካምሻፍት የምትገፋ ትንሽ ሜምብራን (ስስ ላስቲክ) ናት፣ ግፊቷ ከ0.2 እስከ 0.3 ባር ቢሆን ነው። ታንከሩ ወደ ኋላ እየሳበ እሷ ወደ ፊት ስትስብ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ አረፋ መሥራት ይጀምራል። አረፋ ደግሞ አያስነዳም። ቆመህ ስትጠብቅ በክዳኑ ዳር ጥቂት አየር ይሰርጋል፣ ካርቡራተሩ ትንሽ ይሞላል፣ ትነሳለች። ያው ታሪክ።

ካርቡራተሯን የፈታት ሰው አንድ ነገር ቢያይ ኖሮ አይፈታትም ነበር። ፊቷ ላይ የቤንዚኑን ልክ የምታሳይ ትንሽ መስታወት አለች። መኪናዋ ልክ እንደጠፋች ኮፈኑን ክፈትና ተመልከት። ቤንዚኑ ከመስታወቷ በታች ከወረደ ችግሩ ከካርቡራተሩ በስተኋላ ነው። ምልክቱ ላይ ካለ ቤንዚን ማሳደዱን ተውና ወደ እሳቱ፣ ማለት ወደ ካንዴላና ኮይሉ፣ ሂድ። ኮይል ሲሞቅ የሚጠፋ መኪና ግን ብዙ ጊዜ አይንተፋተፍም፣ ድርግም ነው የሚለው። ያንተዋ እየለመነች ነው የምትጠፋው።

ጥገናው ቀላል ነው። ግን መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፦ ታንከሩን ለማቅለል ቤንዚን በአፍ በቱቦ አትሳብ። በየጋራዡ ሲደረግ አይቻለሁ፣ "ለምደነዋል" ይላሉ። ትንሽ ጉንጭ ወደ ሳንባ ከገባ ሆስፒታል ያስተኛል፣ ሊገድልም ይችላል። የእጅ መሳቢያ ፖምፓ ግዛ።

ክዳኑ ጥፋተኛ ከሆነ መተንፈሻ ያለው ክዳን ፈልግ፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ከአዲሱ ርካሽ ይሻላል። የተወተፈ ቱቦ ካገኘህ ብሎኑን አውጣ፣ ቱቦውን ከታንከሩ ነቅለህ በኮምፕረሰር ንፋ። ሳትነቅል እንዳትነፋ፣ ታንከሩን ታሳብጠዋለህ። ብሎን ባይኖር እንኳን ቆማ ለምትከርም መኪና ነፍሳት አሉ። አትሳቅ፣ ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ ከ50,000 በላይ ማዝዳ 6 ለጥገና መልሶ የጠራው የታንከር መተንፈሻ ውስጥ ድር በሚያደራ ሸረሪት ምክንያት ነው። አዲሱ ቱቦ የቤንዚን ቱቦ ይሁን። የውሃ ቱቦ ቆርጠው የሚሸጡልህ ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ውስጡ ይላጣል፣ ፍርፋሪው ቀጥታ ካርቡራተር ነው። ሁለቱንም ጫፍ በፋሼታ (በማጥበቂያ ቀለበት) እሰር፣ ሽቦ ጠምዝዘህ አትመለስ።

ክዳኑ ሲከፈት ምንም ካልሳበ ከኋላ ወደ ፊት ና። ከታንከሩ እስከ ፖምፓው ያሉትን የላስቲክ ቱቦዎች አጠፍ አጠፍ እያደረግክ ስንጥቅ ፈልግ። በዚህ በኩል ያለ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ቤንዚን አያንጠባጥብም፣ አየር ነው የሚስበው፤ ለዚህ ነው ሰው የሚያልፈው። ቀጥሎ ፊልትሮ፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን ግጠም፣ ቡናማ ዝቃጭ ካየህ የታንከሩ ዝገት ነው፣ ታንከሩ ወርዶ መታጠብ አለበት። ከዚያ ፖምፓው። የዘይት መለኪያውን አውጥተህ አሽት፣ ቤንዚን ከሸተተ ሜምብራኑ ተቀዷል፣ ዘይቱ ሳይቀየር መኪናዋን አታስነሳ።

የኤሌክትሪክ ፖምፓው ነገር የሚያናድደኝ፣ ብዙ ጊዜ የሚሸጥልህ የኢንጀክሽን መኪና ፖምፓ ነው፣ ወደ 3 ባር የሚገፋ። የቤንዚኑን መግቢያ የምትዘጋው የካርቡራተርህ መርፌ ያንን አትችልም። ቤንዚኑ በላይ ገንፍሎ የጋለው የሞተሩ ጭስ ማውጫ ላይ ይፈስሳል። መኪና በእሳት የሚያያዘው እንዲህ ነው።

የወር ቤንዚን አልተበላሸም፣ አትድፋው። ማደያ ሰልፍ ሲበዛ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ከጨመርክባት ግን ላምባ አለበት ብለህ ቤንዚኑን አውጣው። ስታወጣው ባትሪውን ንቀል፣ ከሰል ከግቢው ይውጣ፣ ቡናው ሌላ ቀን ይፈላል። በአፍህም አትሳብ፣ ደግሜ ነው የምልህ። ታንከሩን ስታወርድ ሆዱን እይ፤ ብዙ ጊዜ ታፍኖ ከተነዳ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፣ ስፌቱም ጋ ሊያልብ ይችላል። ካላበ አትበይደው፣ ያገለገለ ታንከር ግዛ። ባዶ የቤንዚን ታንከር ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል፣ ውስጡ ተን ነውና።