መጀመሪያ ጉልበት ይላላ፦ ስለ ሂፕሆፕ ዳንስ ማስተማር ጥያቄና መልስ ከጣና ዳር

ባህር ዳር ውስጥ ሂፕሆፕና ሌሎች የጎዳና ዳንሶችን ማስተማር ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የማስተምረው ለመድረክ ዳንሰኛ ለማፍራት አይደለም። ሰው ከሥራና ከትምህርት መልስ ላብ እንዲያወጣ፣ እንዲስቅ፣ ከራሱ ሰውነት ጋር እንዲተዋወቅ ነው። ሰሞኑን "ያላችሁን ጥያቄ ሁሉ አምጡ" ብዬ ነበር። ወላጆች፣ የስፖርት መምህራን፣ ክፍል ለመክፈት ያሰቡ ወጣቶች ጠይቀውኛል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ መልሱን አስከትያለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ ልጄ 10 ዓመቱ ነው። ሂፕሆፕ ካልተማርኩ ብሎ አስቸገረኝ። ዱርዬ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

ስጋትሽ ይገባኛል። የእኔም እናት እንዳንቺ ሰግታ ነበር። ሂፕሆፕ እንዴት እንደተወለደ ብታውቂ ግን ትንሽ ቀለል ይልሻል። በፈረንጆቹ ነሐሴ 11 ቀን 1973 ነው። ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ሲንዲ ካምፕቤል የምትባል ወጣት ለትምህርት መክፈቻ ልብስ መግዣ ፈለገች። በሚኖሩበት ሕንጻ አዳራሽ ውስጥ ድግስ አዘጋጀች። መግቢያው ለሴት 25 ሳንቲም፣ ለወንድ 50 ሳንቲም ነበር። ሙዚቃውን ያጫወተው ወንድሟ ነው፤ ዲጄ ኩል ኸርክ የሚባለው። ኸርክ አንድ ነገር አስተውሏል። ዘፈኑ ጋብ ብሎ ከበሮው ለብቻው ሲቀር ጨፋሪዎቹ ያብዳሉ። ስለዚህ ያቺን አጭር ቦታ በሁለት ሸክላ እያመላለሰ አስረዘማት። እሷን ጠብቀው የሚጨፍሩት ልጆች ቢ-ቦይና ቢ-ገርል ተባሉ።

መነሻው ይኸው ነው። የትምህርት ቤት ልብስ፣ እህትና ወንድም፣ የሰፈር ልጆች። ግጥሙ ካሳሰበሽ ደግሞ ልክ ነሽ፤ ለልጅ የማይሆን ዘፈን ሞልቷል። እኔ ከ14 ዓመት በታች ላሉት ግጥም የሌለው ሙዚቃ ብቻ ነው የማጫውተው። አንድ ቀን መጥተሽ ቁጭ ብለሽ እይ። ወላጅ እንዳያይ የሚከለክል አስተማሪ ካጋጠመሽ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ሰፈሬ ላይ ክፍል ልጀምር ነው። የመጀመሪያ ቀን ምን ላስተምር?

ጉልበት ማላላት። ሌላ ምንም አታስተምር።

አዲስ አስተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። በመጀመሪያው ቀን ረጅም ስቴፕ ይደረድራሉ። ተማሪው እግሩን ሲቆጥር ሙዚቃውን መስማት ያቆማል። በሳምንቱ ይቀራል።

ባውንስ የምንለው ነገር የሁሉም መሠረት ነው። እግር በትከሻ ስፋት ይከፈታል፣ ጉልበት ይላላል፣ ቢቱ፣ ማለትም የከበሮው ምት፣ በመጣ ቁጥር ሰውነት ወደ ታች ይወርዳል። ለሰው ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙው ሰው ጉልበቱን አድርቆ ትከሻውን ብቻ ይነቀንቃል። እኔ እንዲህ እላቸዋለሁ፦ "ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሄዱ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ማዕበል ሲመጣ ጉልበቱን ያደረቀ ይወድቃል። ያላላውን ጀልባው ራሱ ይሸከመዋል። አሁን ጀልባ ላይ ናችሁ።" የሐይቅ ዳር ልጅ ይህን በአንድ ጊዜ ነው የሚገባው። ወዲያው አንገቱ ይለቃል፣ ትንፋሹ ይስተካከላል፣ ፊቱ ራሱ ይቀየራል።

ሙዚቃው በደቂቃ ከ90 እስከ 100 ቢት ያለው ይሁን። አንድ ሰዓት ካለህ 15 ደቂቃውን ለማሟሟቅ ስጠው፤ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት፣ ዳሌ፣ የእጅ አንጓ፣ አንገት። ከዚያ ባውንስ። ባውንሱን ይዘው ይራመዱ፣ ይዙሩ፣ አቅጣጫ ይቀይሩ። አንድ አዲስ ስቴፕ ጨምር፤ ከአንድ አትለፍ። የመጨረሻውን 15 ደቂቃ ክብ ሥራ። ያጨበጭባሉ፣ የፈለገ መሃል ይገባል። ሳይፈር ይሉታል፤ እኛ ሠርግ ላይ ስንሠራው የኖርነው ክብ ነው። ማንንም ጎትተህ አታስገባ።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። ይህ መዝናኛም ስፖርትም ነው፤ ስለዚህ ተማሪ ተሰልፎ ተራ መጠበቅ የለበትም። ሃያ ሰው ቆሞ አንድ ሰው የሚዘልበት ክፍል ማንንም አያላብም።

ጥያቄ፦ ፖፒንግ፣ ሎኪንግ፣ ብሬክ... ሁሉም ሂፕሆፕ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ብሬክ ዳንስ ከብሮንክስ፣ ከሂፕሆፕ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ሎኪንግና ፖፒንግ ግን ከሌላኛው የአሜሪካ ጫፍ ከካሊፎርኒያ፣ ከፈንክ ሙዚቃ የመጡ ናቸው። ሎኪንግን ሎስ አንጀለስ ውስጥ የጀመረው ዶን ካምፕቤል ነው። በጊዜው የታወቀ አንድ ዳንስ ሲሞክር እጁ መሃል ላይ ቆም ይልበታል፣ ሰው ይስቃል፤ እሱ ያችኑ ቆም ማለት ይዞ አሳደጋት። ፖፒንግን ያስፋፉት ደግሞ ቡጋሉ ሳምና የፍሬስኖ ልጆች ናቸው፤ 1970ዎቹ ውስጥ። ሀውስ የሚባለው ዳንስ ከቺካጎና ከኒውዮርክ የክለብ ወለል፣ ክራምፕ የሚባለው ደግሞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከሎስ አንጀለስ ጥቁር ሰፈሮች የመጡ ናቸው።

ይህን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራለሁ። የሰው ቤት ገብተህ ስትበላ ባለቤቱን ታመሰግናለህ።

ጥያቄ፦ እስክስታ እያለን የፈረንጅ ዳንስ ለምን? ልጄ፣ ባህላችን አይጠፋም ወይ?

አባቴ፣ ጥያቄዎ የምወደው ጥያቄ ነው። እኔ ያደግሁት በጎጃም ጭፈራ ነው። ፖፒንግ የተማርኩ ቀን የገረመኝ ደረቴ አስቀድሞ ማወቁ ነው። ፖፒንግ ማለት ጡንቻን በቢቱ ላይ ኮምተር አድርጎ ወዲያው መልቀቅ ነው። ክንድ፣ ደረት፣ አንገት፣ እግር ለየብቻ ይሠራሉ። እስክስታ የሚጨፍር ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ትከሻውን ከወገቡ ለይቶ ሲያንቀሳቅስ ኖሯል። ይህንን ሌላ አገር ያለ ጀማሪ ወራት ይፈጅበታል፤ የእኛ ልጆች ይዘውት ይመጣሉ።

የሚቸገሩት ቆጠራው ላይ ነው። ችክችካው ስድስት በስምንት ነው፣ በሦስት በሦስት ይንከባለላል። ሂፕሆፕ በአራት ይረግጣል፣ ስንቆጥርም እስከ ስምንት ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ሰሞን ስምንት ሳይሞላ ስድስት ላይ ይዞራሉ። እኔ አላርማቸውም። ከበሮ አመጣለሁ፣ መጀመሪያ በችክችካው ያስነካሉ፣ ከዚያ ስፒከሩን እከፍታለሁ። ልዩነቱን በጆሯቸው ሳይሆን በእግራቸው ያገኙታል።

ስለመጥፋቱ ያየሁትን ልንገርዎ። ክቡ ውስጥ ገብተው የሚያደርጉት ሲያልቅባቸው ወደ ትከሻቸው ነው የሚመለሱት። ያኔ ጭብጨባው እጥፍ ይሆናል። እርስዎም አንድ ቅዳሜ ይምጡና የድሮውን አስተምሩን፤ ከልቤ ነው የምለው።

ጥያቄ፦ የት ነው የምንለማመደው? አዳራሽ የለንም።

ቆሞ ለሚጨፈር ዳንስ ሐይቅ ዳር ያለው ሣር ግሩም ነው። ቀድማችሁ የጠርሙስ ስባሪ ልቀሙ። ጠዋት 1 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ የባህር ዳር የቀትር ፀሐይ ለዝላይ አይሆንም። ማታ ደግሞ 12 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ፣ ቢምቢው ይጀምራል፤ ወባ ባለበት ከተማ በዚህ አይቀለድም።

መሬት ላይ ለሚሠራ ብሬክ ሣር አይሆንም፣ አስፋልትም አይሆንም። ሊሾ ፈልጉ፤ በላዩ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ ወይም የፍሪጅ ካርቶን አንጥፉና ጠርዙን በፕላስተር ለጥፉ። ወለሉ ደረቅ ይሁን። ይህን አጥብቄ የምለው ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ አዳራሽ ሰጡን። ወለሉ ተወልውሎ አልደረቀም ነበር፤ የነገረን የለም። እግሬ ሄደ፣ በግራ እጄ መሬቱን ተቀበልኩት፣ አንጓዬ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጄሶ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ልጅ ከመግባቱ በፊት ወለሉን ከዳር እስከ ዳር በመዳፌ እዳብሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ቲክቶክ ላይ እንዳለው በጭንቅላት መሽከርከር እፈልጋለሁ። 13 ዓመቴ ነው።

አሁን አይሆንም፣ የኔ ልጅ። አንገትህ የሚሸከመው ጭንቅላትህን ነው እንጂ መላ ሰውነትህን አይደለም። ለዓመታት በአናታቸው የሚሽከረከሩ ትልልቅ ዳንሰኞች ራሱ ፀጉራቸው ይመለጣል፣ አናታቸው ያብጣል። መጀመሪያ ቶፕሮክ፣ ቆመህ የምትሠራው እርምጃ፤ ቀጥሎ ሲክስ ስቴፕ፣ እጅህን መሬት ላይ አድርገህ እግርህን በስድስት እርምጃ የምታዞርበት፤ ከዚያ በእጅህ ተደግፈህ ፍሪዝ ይዘህ፣ ማለትም ሳትነቃነቅ ደርቀህ፣ አምስት ሰከንድ ቁጠር። አምስት ሰከንድ ስትሞላ ና አሳየኝ። ለብቻህ ቤት ውስጥ አትሞክረው፤ እለምንሃለሁ።

ጥያቄ፦ የስፖርት መምህር ነኝ። አንድ ክፍል ውስጥ 60 ተማሪ፣ አንድ ስልክ፣ መብራት አንዳንዴ የለም።

ስልኩን ኪስህ ውስጥ ክተተው። ለሁለት ክፈላቸው። ሠላሳው በጭብጨባና በእግር ምት ቢቱን ይሠራል፣ ሠላሳው ባውንስ ያደርጋል። ስምንት ጊዜ ስምንት ሲቆጠር ይቀያየሩ። ማንም አይቆምም፤ ቢት የሚሠራውም እያላበ ነው። ሦስተኛ ሳምንት ላይ በአምስት በአምስት ሆነው የራሳቸውን አራት ስምንት ይፍጠሩ። ማርክ ስትሰጥ ዝላይ አትመዝን፤ መፍጠራቸውን፣ ቢቱን መያዛቸውን፣ መተባበራቸውን መዝን። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። ያንተ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ሊሸፍንላቸው ይችላል።

ጥያቄ፦ በጾም ወቅት ምን ታደርጋላችሁ?

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከ9 ሰዓት በፊት የማይቀምሱ ልጆች አሉኝ። ክፍሉን ወደ 10 ሰዓት ተኩል አዛውረዋለሁ፣ ዝላይ እቀንሳለሁ፣ ውሃ በብዛት። በረመዳንም ለሚጾሙት ቀለል ያለውን እሰጣለሁ። በጾም ዘፈን አይሆንም የሚሉ ወላጆች አሉ። አከብራለሁ። የእነሱ ልጆች ሙዚቃው ሳይከፈት ማሟሟቂያውንና ማፍታቻውን ሠርተው ይሄዳሉ፤ ከፋሲካ በኋላ አካላቸው ሳይዝግ ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ 46 ዓመቴ ነው፣ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። አልፎብኛል?

አላለፈብሽም። የሀውስ መሠረታዊ እርምጃዎች ላንቺ ይሆናሉ፤ መሬት መውረድ የለም፣ ደረት መለስ ቀለስ፣ እግር ቶሎ ቶሎ። ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመከራል፤ ሦስት ጊዜ 50 ደቂቃ ከመጣሽ ሞላ። የጉልበት ሕመም ወይም ደም ግፊት ካለሽ ሐኪምሽን አስቀድመሽ አማክሪ። ኑ፣ ጓደኛም ይዘሽ ነይ።

ጥያቄ፦ ለሴት ልጅ ይሆናል? ኦሎምፒክስ ላይ ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ።

ነበር፣ ብሬክ ዳንሱ፣ ፓሪስ 2024 ላይ። በሴቶች ጃፓናዊቷ አሚ፣ በወንዶች ካናዳዊው ፊል ዊዛርድ ወርቅ ወሰዱ። በ2028 ሎስ አንጀለስ ግን የለም። ለሴት ልጅ ይሆናል ወይ ላልሽው፣ እኔ ሴት ነኝ፣ ያደግሁትም በዚሁ ነው። ልጅሽ ሰፊ ሱሪ ትልበስ፣ ፀጉሯን ትያዝ፣ ትምጣ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዓይን አፋር ናት። ይዣት እመጣለሁ፣ ግን ጥግ ይዛ ትቆማለች። ክፍሉን ላስቋርጣት?

አታስቋርጪያት። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ነበረችኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጫማዋን በእጇ ይዛ ዋርካው ሥር ቆመች። "ግቢ" አላልኳትም። ስፒከሩን ሰጠኋትና "አንቺ ያዥልኝ፣ ክፈቺ ስል ክፈቺ፣ ዝጊ ስል ዝጊ" አልኳት። አራተኛው ሳምንት ላይ ሳያት ተረከዟ መሬቱን ይመታል። አላየሁም መሰልኩ። በስድስተኛው ሳምንት ስፒከሩን ሣሩ ላይ አስቀምጣ ክቡ ውስጥ ገባች። ሁለት ስምንት ብቻ፣ በትከሻዋ፣ ዓይኗን ጨፍና፤ ከዚያ ሮጣ ወጣች። ልጆቹ ጭብጨባውን ማቆም አቃታቸው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማሟሟቂያውን የምትመራው እሷ ናት። ስፒከሩን ግን እስካሁን ለማንም አትሰጥም።