መሬት የሌለውን ሰው ሐሳብ ማን ይሰማዋል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው በብሎክቼይን (ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት፣ አንድ ሰው ብቻውን የማይለውጠው መዝገብ) ላይ ስለሚሠሩ የምናባዊ መሬት ጨዋታዎች ስጽፍ፣ «ምን ቢሻሻል ትወዳላችሁ? ጥያቄም ሐሳብም ላኩልኝ» ብዬ ነበር። ላካችሁ፤ ከጠበቅኩት በላይ ላካችሁ። ሁሉንም አንብቤያለሁ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዣዥሞቹን አሳጥሬ ይኸው።

አብዛኛው መልሴ ዲሴንትራላንድ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የተጠቃሚ ሐሳብ ወደ ውሳኔ የሚሄድበት መንገድ እዚያ በግልጽ ተቀምጧል። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ዲሴንትራላንድ በኮምፒውተር የሚገባበት፣ መሬቱም የሚገዛና የሚሸጥበት ምናባዊ ዓለም ነው። በ2017 ማና የተባለውን ቶከኑን (የራሱን ዲጂታል ገንዘብ) ሸጦ 24 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰበ፤ በየካቲት 2020 ለሁሉም ሰው ተከፈተ። ካርታው 90,601 ቁራሽ አለው። አንዱ ቁራሽ 16 ሜትር በ16 ሜትር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«መሬትም ማናም የለኝም፣ ግን ሁሌ እገባለሁ። ሐሳብ ብሰጥ የሚሰማኝ አለ?» ከሐዋሳ

አለ፣ ግን እኩል አይሰማህም። እዚያ ድምፅ የሚቆጠረው በሰው ራስ አይደለም። 1 ማና 1 ድምፅ ነው። በጨዋታው ውስጥ የተመዘገበ አንድ ስም 100 ድምፅ ያወጣል። አንድ ቁራሽ መሬት ደግሞ 2,000። ስለዚህ አሥር ቁራሽ ያለው ሰው ብቻውን 20,000 ድምፅ ይዞ ይገባል፤ እሱን ለመስተካከል አንድ አንድ ስም ያላቸው 200 ሰዎች መሰብሰብ አለባቸው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ድምፅ በሰው ይቆጠር ቢባል አንዱ ሌሊቱን ሺህ ዋሌት (ዲጂታል ገንዘብና ንብረት የሚያዝበት አካውንት) ከፍቶ ያድራል። ይገባኛል። ግን ቤት ሠርቶ የማያውቅ፣ መሬቱን አጥሮ ዋጋ የሚጠብቅ ሰው፣ በየቀኑ ከሚገባው ሰው ይልቅ ስለ ጨዋታው ብዙ መናገሩ ልክ አይመስለኝም። ጊዜውን እዚያ ለሚያሳልፍ ሰው አንድ ነገር መታሰብ አለበት እላለሁ።

እስከዚያው ምን ታደርጋለህ? ሐሳብ እዚያ ሦስት ደረጃ ያልፋል፤ መጀመሪያ አስተያየት መጠየቂያ፣ ቀጥሎ ረቂቅ፣ መጨረሻ ላይ የሚያጸና ድምፅ። ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው ድምፅ ይበዛል። አንተ መግባት ያለብህ መጀመሪያው ላይ ነው፣ ምክንያቱም ቃሉ የሚቀየረው እዚያ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ደርሰህ ብትጮህ የሚቀርልህ «እሺ» ወይም «እምቢ» ብቻ ነው። ሌላው ደግሞ ሰዎች ድምፃቸውን ለሌላ ሰው በውክልና መስጠት ይችላሉ። ብዙ ውክልና የያዙትን ፈልግና አናግራቸው፤ አንድ ጥሩ የተጻፈ ገጽ ካሳመናቸው ሐሳብህ በእነሱ ድምፅ ይሄዳል። ለመሰማት ብለህ ግን መሬት አትግዛ።

«የአክሱምን ሐውልት በልኩ ልሠራ ብዬ ከላይ ተቆረጠብኝ። ጨዋታው ይስተካከል ብለህ ጻፍልኝ።» ከአዲስ አበባ

ሐሳብህ ደስ አሰኝቶኛል፣ ግን ብልሽት አይደለም፤ ደንብ ነው። አንድ ቁራሽ ላይ መሥራት የሚቻለው እስከ 20 ሜትር ከፍታ ነው። በቦታው ቆሞ የቀረው የንጉሥ ኢዛና ሐውልት ደግሞ 21 ሜትር ገደማ ነው። ለጥቂት ነው ያመለጠህ! ከፍታው ጎን ለጎን ባሉ ቁራሾች ብዛት ያድጋል፤ ሁለት ከሆኑ 31 ሜትር ገደማ፣ ሦስት ከሆኑ 40። ከሮም የተመለሰው የ24 ሜትሩ በሁለት ቁራሽ ይበቃዋል፤ የወደቀውን የ33 ሜትሩን ማቆም ከፈለግህ ሦስት ያስፈልግሃል። የምትሠራው ነገር ሁሉ የሚገጣጠመው ከትናንሽ ባለሦስት ማዕዘን ቅርጾች ነው፤ ለእያንዳንዱ ቁራሽ የእነሱም ገደብ 10,000 ነው፣ ስለዚህ የድንጋዩን መስኮትና በር አንድ በአንድ ከመቅረጽ በሥዕል ብታለብሰው ይሻላል።

«በምናባዊ መሬት ላይ የሚሠራ ጨዋታ ከጓደኞቼ ጋር እየሠራን ነው። የተጠቃሚ ሐሳብ ለመሰብሰብ ፎርም በተንን፣ ሁሉም «ጥሩ ነው» ብሎ ሞላ። ምን እናድርግ?» ከአዲስ አበባ

ይሄ ጥያቄ በጣም የምወደው ነው።

ፎርሙን ለጊዜው አስቀምጡት። እኛ ሰው ፊት «አልወደድኩትም» ማለት ይከብደናል። የደከማችሁበትን ነገር አሳይታችሁ «እንዴት ነው?» ካላችሁን «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ነው የምንለው። ከልባችን ነው፤ ግን ለሥራችሁ አይጠቅማችሁም።

የእህቴን ልጅ አንድ ጨዋታ ላይ አስቀምጬ ምንም ሳልናገር አየሁት። ገጹ ተከፈተ። «ዋሌት ያገናኙ» የሚል መጣ። ዞር ብሎ አየኝ፣ ዝም አልኩ። አንዱን ተጫነ፣ ሌላ ገጽ ወጣ፣ አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት (የዋሌቱ ቁልፍ ናቸው) ተደርድረው «በወረቀት ይጻፉ» ይላል። እስክሪብቶ ፈለገ። ሦስቱን ጻፈ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ትቶ ስልኩ ላይ ኳስ መጫወት ጀመረ። መሬቱን አላየም፣ ሰውም አላገኘም። ከዚያ በኋላ «እንዴት ነበር?» ብዬ ስጠይቀው «ቆንጆ ነው» አለኝ!

ስለዚህ አምስት ስድስት ሰው ጋ ሄዳችሁ ጎናቸው ተቀመጡ። አትርዷቸው። የት ላይ እንደቆሙ ጻፉ። ስትጠይቁም «ምን ይጨመር?» አትበሉ፤ «ባለፈው ስትገባ ምን ልታደርግ ነበር? የት ላይ ተውከው?» በሉ። ሰው ያደረገውን ሲነግራችሁ እውነቱን ታገኛላችሁ።

ሌላው ትልቁ ነገር፣ መሬት ያለውንና የሌለውን ሐሳብ አንድ ላይ አትቀላቅሉ። ፍላጎታቸው ይጋጫል። ዲሴንትራላንድ ውስጥ ከአደባባይና ከመንገድ አጠገብ ያለ ቁራሽ የሚፈለገው ሰው በእግሩ ሲያልፍ ስለሚያየው ነው። ግን ማንም ሰው የቦታውን ቁጥር ጽፎ በአንዴ የፈለገበት ይደርሳል። ለአዲስ ገቢ ይሄ ግልግል ነው፤ አደባባይ አጠገብ በውድ ለገዛው ግን ኪሳራ ነው። ሁለቱን «ቁጥር ጽፎ በአንዴ መድረስ ይቅር ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ መልሱን በአንድ ላይ ብትደምሩት ምንም አይነግራችሁም። ለየብቻ አስቀምጡት፣ ከዚያ ለማን እያደላችሁ እንደሆነ አውቃችሁ ወስኑ።

ደግሞ መልስ ስጡ። «ሠርተነዋል»፣ «እንሠራዋለን»፣ «አንሠራውም፣ ምክንያቱም እንዲህ» ብላችሁ ሁሉም በሚያየው ቦታ ጻፉ። ሰው «አንሠራውም» ሲባል ያን ያህል አይከፋም። የሚከፋው የላከው ሐሳብ የት እንደገባ ሳያውቅ ሲቀር ነው፤ ሁለተኛ አይጽፍላችሁም።

«ልጄ 19 ዓመቱ ነው። ያጠራቀመውን ገንዘብ በማይታይ መሬት ላይ አዋለው። የሱ ነው ወይስ የለም? ካርታ አለው?» ከሜሪላንድ፣ እናት

እማማ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ኢቴሪየም በተባለው ብሎክቼይን ላይ «ይህ ቁጥር ያለው ቁራሽ የዚህ ዋሌት ነው» የሚል መዝገብ አለ፤ ያንን ማንም ተነሥቶ ሊፍቀው አይችልም። እንደ ካርታ ሊያዩት ይችላሉ። ችግሩ ካርታው ሌላ፣ ሰፈሩ ሌላ መሆኑ ነው። ቤቱ፣ መንገዱ፣ ሰዉ የሚታየው ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨሩ ከጠፋ መዝገቡ ይቀራል፣ የሚሄዱበት ቦታ ግን የለም።

ደርሶም ያውቃል። ኤፍዋን ዴልታ ታይም የሚባል የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ነበር። በ2019 አንዷ መኪና ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠች። በመጋቢት 2022 የፎርሙላ 1 ፈቃድ ስላልታደሰ ጨዋታው ተዘጋ። ለባለቤቶቹ በሌላ ጨዋታ ምትክ ቀረበላቸው፤ ዋናዋን መኪና የሚነዱበት ጎዳና ግን አልነበረም።

ዋጋውም እንዲሁ ነው። በኅዳር 2021 አንድ ድርጅት ዲሴንትራላንድ ውስጥ 116 ቁራሽ በ618,000 ማና ገዛ፤ በዚያን ቀን ዋጋ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ለአንድ ቁራሽ 20 ሺህ ዶላር አካባቢ ማለት ነው። ማና ያኔ ወደ 4 ዶላር የሚጠጋ ነበር፣ በኋላ ከ1 ዶላር በታች ወረደ።

ልጅዎን አይቆጡት። ተቀምጠው «እስቲ አሳየኝ» ይበሉት። የሠራበት ነገር ካለ፣ ጓደኞች ካሉት፣ ሙያ እየተማረበት ነው። ዋጋ ብቻ እየጠበቀ ከሆነ ግን ተጨማሪ እንዳያስገባ ይንገሩት፤ ከእርስዎ ሲሰማው ይሻላል።

«ዲሴንትራላንድ ውስጥ በቀን 38 ሰው ብቻ ነው የሚገባው ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው?» ከዱባይ

በጥቅምት 2022 የወጣ ወሬ ነው። 38 የተባለው በዚያ ቀን በብሎክቼይኑ ላይ ግብይት ያደረገ ዋሌት ቁጥር ነበር። ገብቶ የዞረ፣ ያወራ፣ የጨፈረ አልተቆጠረም። ድርጅቱ በበኩሉ በቀን 8,000 ገደማ አለ። 8,000ም ቢሆን ለዚያ ሁሉ መሬት ትንሽ ነው። ማንም ቁጥር ሲነግርህ «ምኑን ቆጥረህ?» በለው።

«ሐሳብ ከሰጡ ነፃ መሬት የሚል ሊንክ በቴሌግራም መጣልኝ። ዋሌት አገናኝ ይላል።» ከቴል አቪቭ

እባክሽን አታገናኚ! ይሄን ሌላችሁም አንብቡ።

ሐሳብ ለመስጠት የዋሌትሽን 12 ወይም 24 ቃላት የሚጠይቅ የለም። ማንም። ቃላቱን የጠየቀ ሌባ ነው። እውነተኛው ድምፅ አሰጣጥ የሚጠይቀው አንድ መልእክት በፊርማ ማረጋገጥ ብቻ ነው፣ ክፍያም የለውም። ከመፈረምሽ በፊት የሚወጣውን ጽሑፍ አንብቢ፤ ንብረትሽን ለማንቀሳቀስ ፈቃድ የሚል ነገር ካየሽ ዝጊው። ለድምፅና ለአስተያየት ብዬ ምንም የሌለበት ሌላ ዋሌት ነው የምጠቀመው፣ አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ቃላቱን አስገብተሽ ከሆነ ደግሞ ነገ አትበይ፤ አሁኑኑ አዲስ ዋሌት ከፍተሽ ያለሽን ወደዚያ አውጪ።

«ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ መግዛት ይቻላል?» ከብዙዎቻችሁ

ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2022 የአገሪቱ መገበያያ ብር ብቻ እንደሆነ፣ በክሪፕቶ (እንደ ማና ባለ ዲጂታል ገንዘብ) መገበያየትም ሕገወጥ እንደሆነ በማስታወቂያ አሳውቋል። ከዚያ ወዲህ የወጣ መመሪያ ካለ ከባንኩ ራሱ አረጋግጡ፣ ከቴሌግራም ቻናል አይደለም። ምንም ሳይገዙ መግባት ግን ይቻላል፤ ሐሳብ ለመስጠትም ያ ይበቃል።

«ስሜን በፊደላችን ልመዝገብ ብል እምቢ አለኝ። «አማርኛ ይግባ» ብለን እንፈርም።» ከአሥር በላይ ሰው

እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ፣ ግን «አማርኛ ይግባ» ብለን ብንልክ አንድ ቀን አንብበው ያልፉታል። የትኛው ቦታ? ስም ላይ? ቻት (የጽሑፍ ወሬ) ላይ? ምልክት ሰሌዳ ላይ? ምናሌው ላይ? እያንዳንዱ የተለየ ሥራ ነው፣ የሚሠራውም የተለየ ሰው ነው።

ስም ላይ ያለውን እንውሰድ። የሚቀበለው የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው፣ ለአንድ ስም 100 ማና ይከፈላል። ሌላ ፊደል ይፈቀድ ስንል የሚመጣብን ተቃውሞ ማጭበርበር ነው፤ መልካቸው የሚመሳሰል ፊደሎችን ተጠቅሞ የሌላ ሰው መስሎ መቅረብ። የኛ ደግሞ በድምፅም ይመጣል። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ቢያስመዘግብ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይይዛል። «ሠላም»ና «ሰላም» ሁለት ባለቤት ይኖራቸዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን የማያውቅ የውጭ ሰው ይሄን አይገምትም። እኛ ነን ቀድመን ልንነግራቸው የሚገባው፣ መፍትሔውንም ጭምር፦ ሲመዘገብ በድምፅ አንድ የሆኑት ፊደሎች እንደ አንድ ይቆጠሩ፣ ባለቤቱ ግን በፈለገው አጻጻፍ ይታይለት። «ፀሐይ» ከተያዘ «ጸሀይ»ም ተይዟል ማለት ነው።

ረቂቁን በዚህ መልክ ጀምሬዋለሁ። የጎደለኝ ማስረጃ ነው። ቻት ላይ ወይም ሰሌዳ ላይ ፊደላችን ባዶ ሳጥን ሆኖ የታያችሁ ካላችሁ፣ የስክሪኑን ፎቶ፣ የቦታውን ቁጥር፣ በኮምፒውተር ይሁን በስልክ፣ የጻፋችሁትንም ቃል አብራችሁ ላኩልኝ። በተለይ «ሏ»፣ «ቷ» እና «ኳ» ያሉባቸውን ቃላት ሞክሩ።