«ዓላማዬ መቼ ይገለጥልኛል?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንዴት ሰንብተዋል? የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። ጸሎቴን አላስታጉልም፣ እጾማለሁ፣ ንስሐ አባት አለኝ፣ እቆርባለሁም። ነገር ግን ቀኖቼ ሳላውቃቸው ያልፋሉ። ጠዋት ወጥቼ ማታ እገባለሁ፤ ሳምንቱ መቼ እንዳለቀ አይገባኝም። እናቴ ከታመመች ሁለት ዓመት አልፏታል። እኅትና ወንድም ቢኖሩኝም ማስታመሙ የወደቀው በእኔ ላይ ነው። እግዚአብሔር የፈጠረኝ ለምን እንደ ሆነ እንዲገልጽልኝ ሁለት ጊዜ ሱባዔ ገብቻለሁ፤ የተገለጠልኝ ነገር የለም። እኩዮቼ የሕይወታቸውን ዓላማ አግኝተው ሲሮጡ አያለሁ፤ እኔ ግን ሥራውና የእናቴ ነገር ጊዜዬን በልተውት ቀረሁ። ሥራዬን ትቼ ዓላማዬን ልፈልግ? ዓላማ ያለው ሕይወት የሚኖረው እንዴት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ የጻፍሽልኝን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ንባብ ጥያቄሽ ስለ ሥራ መሰለኝ። በሁለተኛው ግን ዓይኔ «ሥራውና የእናቴ ነገር ጊዜዬን በልተውት» ከሚለው ላይ አልነሣ አለኝ። ወደዚያ እመለሳለሁ። ስለ ጸሎትና ስለ ጾም የምነግርሽ የለኝም፤ ታውቂዋለሽ፣ ትፈጽሚዋለሽም።

ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ትምህርቱን ሊጨርስ የተቃረበ ወጣት ይጠይቀኛል፤ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች እናት ትጠይቀኛለች፤ ጡረታ የወጣ ሰው እንኳ «መምህር፣ ዓላማዬን ሳላገኘው አረጀሁ» ብሎ ያለቀሰበትን ቀን አስታውሳለሁ። ሁሉም በልባቸው የያዙት አንድ ሐሳብ ነው፦ እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የታሸገ ደብዳቤ ጽፏል፤ ያ ደብዳቤ እስኪከፈት ድረስ የሚኖረው ኑሮ እውነተኛው ሕይወት አይደለም፤ ወረፋ መያዝ ብቻ ነው።

ሐሳቡ መንፈሳዊ ይመስላል። ሱባዔ ያስገባል፤ ያስለቅሳልም። ፍሬው ግን ምንድን ነው? በእጅ ያለውን ሥራ ያስንቃል። በቤት ያለውን ሰው እንቅፋት ያስመስላል። የባልንጀራን ሩጫ እያሳየ ልብን በቅናት ያቆስላል። ከዚህም በላይ እግዚአብሔርን ፈቃዱን ከልጆቹ የሚደብቅ አባት ያደርገዋል። አባታችን እንዲህ አይደለም።

ቅዱስ ጳውሎስ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ይህ ነው» ብሎ በግልጥ የተናገረባቸውን ቦታዎች እስኪ ፈልጊ። ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ በአንድ መልእክት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብሎታል። አንደኛው ስለ መቀደስ ነው፦ «ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ እርሱም መቀደሳችሁ ነውና» (1ኛ ተሰ. 4፥3)። ሁለተኛው ሁልጊዜ ደስ እንዲለን፣ ሳናቋርጥ እንድንጸልይ፣ በሁሉም እንድናመሰግን የሚያዝዘው ነው (5፥16-18)። የሥራ ዓይነት አልጠቀሰም። የመኖሪያ ቦታም አልጠቀሰም። ሁለት ሱባዔ የገባሽበት ጥያቄ ዋናው መልስ ከጥምቀትሽ ቀን ጀምሮ በእጅሽ አለ፤ የተፈጠርሽው ክርስቶስን እንድትመስዪ ነው። ይህ «ትንሽ ነገር ነው፣ ሌላ ትልቅ ነገር ይኖረኛል» ብለሽ ካሰብሽ ግን ክርስቶስን መምሰልን አልተመለከትሽውም ማለት ነው።

አንቺ የምትሠሪው ከሒሳብ ጋር ነውና ስለ ሒሳብ ሰዎች ላንሣልሽ፤ በወንጌል ስለ ተጻፉት ቀራጮች። በዚያ ዘመን ቀራጭ የተናቀ ሰው ነበር፤ ለሮም ግብር ሰብሳቢ፣ በሕዝቡም ዘንድ ከኃጢአተኛ ጋር በአንድ ስም የሚጠራ። እነዚህ ሰዎች ወደ ዮርዳኖስ ወረዱና መጥምቁ ዮሐንስን ያንቺን ጥያቄ ጠየቁት፦ «መምህር ሆይ፥ ምን እናድርግ?» ማንን እንደ ጠየቁ ልብ በይ። የግመል ጠጉር የለበሰ፣ ኑሮውን በበረሃ ያደረገ፣ ሁሉን የተወ ሰው ነው። «ሥራችሁን ተዉና እንደ እኔ በረሃ ግቡ» ይላቸዋል ብለን እንጠብቃለን። እርሱ ግን «ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ» አላቸው (ሉቃ. 3፥13)። ወታደሮችም ሲጠይቁት ግፍ እንዳይሠሩ፣ በሐሰት እንዳይከሱ፣ ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ነገራቸው። የጌታን መንገድ የጠረገው ነቢይ ለንስሐ የመጡትን ሰዎች የመለሳቸው ወደዚያው መቀመጫቸው ነው። የተመለሱት ግን ሌላ ሰው ሆነው ነው።

«ማቴዎስስ?» ትዪኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጌታ ማቴዎስን «ተከተለኝ» አለው፤ ማቴዎስም የቀረጥ መቀበያውን ትቶ ተነሣ (ማቴ. 9፥9)። ዘኬዎስን ደግሞ ከቀራጮች አለቅነቱ እንዲለቅ ሲያዝዘው አናነብም። ዘኬዎስ ከሀብቱ እኩሌታውን ለድሆች ሰጠ፤ የበደለውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል ገባ፤ ጌታም «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» አለ (ሉቃ. 19፥8-9)። እንግዲህ የሥራ ዓይነታቸው አንድ፣ የታዘዙት የተለያየ ነው። አንዱ እንዲተው ተጠራ፤ ሌላው በቤቱ ሆኖ ዳነ። የሁሉንም ሕይወት የለወጠው የሥራው ዓይነት ቢሆን ኖሮ ሦስቱም፣ በዮርዳኖስ የነበሩት ቀራጮች፣ ማቴዎስና ዘኬዎስ፣ አንድ ዓይነት ትእዛዝ በተቀበሉ ነበር። ደግሞም ማቴዎስ ጥሪውን የሰማው ጥሪ ፍለጋ ሲዞር አይደለም፤ በሥራው ላይ ተቀምጦ ሳለ ነው። የሚጠራሽ አምላክ አድራሻሽን ያውቀዋል።

ስለዚህ በሒሳብ ክፍል ተቀምጠሽ የምትሠሪውን ሥራ «ከዓላማዬ በፊት ያለ ነገር» አትበዪው። እያንዳንዱ ወረቀት በጀርባው ሰው አለው። የምታዘገዪው አንድ ክፍያ የአንድ ቤተሰብ የወር ኑሮ ሊሆን ይችላል፤ ያስተካከልሽው አንድ ስሕተት አንድን ንጹሕ ሰው ከክስ ያድነው ይሆናል። ሐዋርያው «ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ፥ የምታደርጉትን ሁሉ በትጋት አድርጉት» ያለው ለማን እንደ ሆነ ከፍ ብለሽ አንብቢ፤ ለባሪያዎች ነው (ቆላ. 3፥22-23)። ሥራቸውን የመምረጥ መብት ፈጽሞ ላልነበራቸው ሰዎች! ዓላማ ያለው ሕይወት የሚገኘው በሥራ ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐዋርያው ለእነርሱ የሚጽፈው ነገር አይኖረውም ነበር።

አሁን ወደ እናትሽ ልመለስ። ከዚህ በኋላ ያለውን የምጽፈው በፍቅር ነው፤ ቢከብድሽም ታገሺኝ።

ጌታ ፈሪሳውያንን ከገሠጸባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር፦ ሰው አባቱንና እናቱን የሚረዳበትን ገንዘብ «ቍርባን ነው፤ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነው» ካለ ከመርዳት ነጻ ነው ይሉ ነበር (ማር. 7፥11-13)። የእግዚአብሔርን ስም ይዘው ከእናታቸው ሸሹ። አንቺ እንዲህ አላደረግሽም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አስታመሻታል፤ ዋጋሽ በሰማይ ተጽፏል። ነገር ግን እናትሽንና ዓላማሽን በሁለት ሚዛን አስቀምጠሽ አንዱ ሌላውን በላው ስትዪ፣ ልብሽ ወደዚያ መንገድ አንድ እግሩን አንሥቷል። እባክሽ መልሺው።

ወደ ቀራንዮ ተመልከቺ። ከፍጥረት ወገን ማንም ሊሸከመው የማይችለውን ዓላማ የተሸከመው በዚያ ተሰቅሏል። የዓለም ሁሉ መዳን በዚያ ሰዓት ላይ ነው። በዚያች ሰዓት ከእናቱ የሚበልጥ ጉዳይ አለኝ ቢል ማን ይወቅሰው ነበር? እርሱ ግን በሥቃዩ መካከል ወደ እናቱ ተመለከተ፤ «አንቺ ሴት፥ እነሆ ልጅሽ» አላት፤ ደቀ መዝሙሩንም «እናትህ እነኋት» አለው (ዮሐ. 19፥26-27)። ቀጥሎ የመጣውን ቃል ደግሞ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ወንጌላዊው እናቱን አደራ መስጠቱን ከጻፈ በኋላ ወዲያው «ከዚህ በኋላ ኢየሱስ አሁን ሁሉ እንደ ተፈጸመ አውቆ» ይላል። የእናቱ ነገር ከ«ሁሉ» ውስጥ ነበረ። አደራው ሳይሰጥ «ተፈጸመ» አልተባለም።

እኅቴ፣ እናትሽ ጊዜሽን አልበላችውም። ሌሊት ተነሥተሽ ውኃ ስታቀብያት፣ ትራሷን ስታስተካክዪላት፣ ያንኑ ታሪክ ለመቶኛ ጊዜ ስትነግርሽ ስትሰሚያት፣ ሱባዔ ገብተሽ የለመንሽው ነገር በዚያች ሰዓት በእጅሽ ላይ ነበረ። «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» የሚለው ጌታ (ማቴ. 25፥36) ሁለት ዓመት ያለማቋረጥ በቤትሽ ተኝቷል።

ይህን ስል ድካምሽን አልናቅሁትም። ማስታመም ያደክማል፤ የሚወዱትን ሰው ማስታመም ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያደክማል፤ መድከም ኃጢአት አይደለም። ለብቻሽ መሸከምሽ ግን ትክክል አይደለም። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ለሕዝቡ ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ፣ ሥራው ይከብድሃል፣ ብቻህን ልታደርገው አትችልም ብሎ ሸክሙን እንዲያካፍል መክሮታል (ዘጸ. 18፥17-23)። ሙሴም ሰማው፤ አላፈረም። እኅትሽንና ወንድምሽን ጥሪያቸው፤ ያለ ቁጣና ያለ ወቀሳ «በሳምንት እነዚህ ቀናት የእናንተ ናቸው» በያቸው። ይህን ሳትጠይቂያቸው በልብሽ እየተቀየምሽ ከሆነ፣ ቂሙ ድካምሽን እጥፍ ያደርገዋል። እምቢ ካሉም ለንስሐ አባትሽ ንገሪ፤ ንስሐ አባት ኃጢአት ለመናዘዝ ብቻ የሚፈለግ አይደለም፤ ቤተሰብም ያስታርቃል።

አሁን «ቀኖቼ ሳላውቃቸው ያልፋሉ» ስላልሽው። ይህ ዓላማ ስለጠፋሽ አይመስለኝም። ልብሽ ስለተበተነ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። በቅዳሴ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ሲል፣ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ብለን እንመልሳለን፤ ልባችን በአምላካችን ዘንድ አለ ማለታችን ነው። እሑድ የመለስነውን ሰኞ ረፋድ ላይ ብንጠየቅ ምን እንላለን? ሰቂለ ኅሊና የምንለው ነገር፣ ኅሊናን ወደ እግዚአብሔር ማንሣት፣ ከቤተ መቅደስ በር ላይ የሚቀር ሆኖብናል። ሥራ ላይ ሆነን ልባችን ስልካችን ላይ፣ በእናት አልጋ አጠገብ ተቀምጠን ልባችን በሰው ሩጫ ላይ። ልብ ያልነበረበት ቀን ደግሞ ሲያልፍ አይታወቅም።

ታላቁ አባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ ልቡ ተሰላችቶ ሐሳቡም ተበታትኖ «ጌታ ሆይ፣ መዳን እሻለሁ፤ ሐሳቤ ግን አላስቀምጥ አለኝ፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ እርሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲሠራ፣ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶ ተቀምጦ ገመዱን ሲሠራ፣ ደግሞ ተነሥቶ ሲጸልይ አየ። መልአክ ነበረ። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህም» አለው። ከሰማይ የተላከው መልስ ይኸው ነው፤ ገመድና ጸሎት፣ ጸሎትና ገመድ። እንጦንስም ይህን ሰምቶ እጅግ ደስ አለው ይላሉ አባቶች። አንቺ ብትሆኚ «ይኸው ብቻ?» ብለሽ ታዝኚ ነበር ብዬ እሰጋለሁ፤ ለዚህም ነው ሁለቱ ሱባዔሽ ያለ መልስ ያለፉ የመሰለሽ።

እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ከጸሎትሽ በኋላ ከበሩ ሳትወጪ በሥራ ቀንሽ ስለምታገኚው ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሪ፦ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ የምትልክልኝን ሰው እንዳላልፈው ዓይኔን ክፈት።» በመሥሪያ ቤት አንዱን ፋይል ዘግተሽ ሌላውን ከመክፈትሽ በፊት «አቤቱ ማረኝ» በዪና ጀምሪ፤ ያንቺ ገመድና ጸሎት ይህ ነው። ማታ ስልኩን ከመኝታሽ አርቀሽ አስቀምጪና የሠራሽውን ኃጢአት ብቻ አትቁጠሪ፤ ዛሬ ማንን በሙሉ ልቤ ሰማሁ፣ ከማንስ ሸሸሁ ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በወረቀት ብትጽፊው መልካም ነው። ለአርባ ቀን ያህል ሞክሪው። ሌላ ሱባዔ ግን አሁን አትግቢ፤ በተለይ «ዓላማዬን ግለጥልኝ» ለማለት አትግቢ።

ሥራ ስለ መልቀቅ የጠየቅሽውን በአጭሩ ልመልስ። ሐሰት እንድትጽፊ ወይም የሰው ገንዘብ ሲሰረቅ እንድትሸፍኚ የሚያስገድዱሽ ከሆነ ነገውኑ ልቀቂ፤ እግዚአብሔር ይመግብሻል። የተሻለ ስጦታ እንዳለሽ ተሰምቶሽ ሌላ ሙያ መማር ብትፈልጊም ኃጢአት የለበትም፤ ከሚያውቁሽ ሰዎች ጋር ምከሪ፣ ወጪሽን አስልዪ፣ ቀስ ብለሽ ሂጂ። ሌላው ሲሮጥ ስላየሽ ብቻ ግን አትነሺ። የምታይው ሩጫውን እንጂ ወዴት እንደሚሮጥ አይደለም።

የእናትሽን የክርስትና ስም ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ያንቺንም ጨምሪ። በጸሎት አስባችኋለሁ። ከወንድምና ከእኅትሽ ጋር ስትነጋገሩ ደግሞ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።