መክሊቴን ቀብሬው ይሆን?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ከልጅነቴ ጀምሮ ሥዕል እሥላለሁ። ማንም አላስተማረኝም። እናቴ «ይህ እግዚአብሔር የሰጠሽ ነው፤ እንዳትጥዪው» ትለኝ ነበር። ላለፉት 3 ዓመታት ግን አንድም ሥዕል አልጨረስኩም። ሥራውና ልጆቹ ጊዜ አሳጡኝ እላለሁ፤ እውነቱ ግን ጊዜ ሳገኝም ወረቀት ፊት ስቀመጥ ልቤ ይፈራል። የሌሎችን ሥራ በስልኬ አይና እርሳሴን መልሼ አስቀምጣለሁ።

አሁን ሰላም የማገኘው ከቤታችን ጀርባ ባለችው ትንሽዬ የአትክልት ቦታ ብቻ ነው። ልጆቹ ሳይነቁ ወጥቼ ጽጌረዳዎቹን አጠጣለሁ፤ ከዚያ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ጸሎት ነው ለማለት እንኳ አፍራለሁ። ባለፈው እሑድ የመክሊቱ ምሳሌ ሲሰበክ እንባዬ መጣ። አንዷን መክሊት መሬት ቆፍሮ የቀበረው እኔ ነኝ አልኩ። ስጦታዬን ትቼ አበባ መኮትኮቴ ስንፍና ነው? ወይስ ጸጋው ተወስዶብኛል?

መክሊቷን የቀበረች

ውድ እኅቴ፣

ያ ሰው መክሊቱን ለምን እንደቀበረ ራሱ ተናግሯል፤ «ፈራሁ» ነው ያለው። ጌታው ጨካኝ መስሎት ነው። ስለዚህ ከደብዳቤሽ ያሳሰበኝ የአትክልት ቦታሽ አይደለም፤ «ልቤ ይፈራል» ያልሽውና ስልክሽ ናቸው።

ደግሞስ መሬት የገባ ሁሉ መች አንድ ነው? የተቀበረ ገንዘብ ከዓመታት በኋላ ቢወጣም ያው ነው። ባቄላ ግን ላዩ ጭር ብሎ ሳለ ከታች ቅርፊቱን ሰንጥቆ ሥር ይሰዳል፤ ቅጠሉ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ቦታ ስትነሺ ልብሽ ረግቶ ዓይንሽ ነቅቶ ከሆነ ሥር እየሰደድሽ ነው። የምትወጪው ከወረቀቱ ለመሸሽ ከሆነ ግን ከራስሽ አትደብቂው።

በዝምታሽም አትፈሪ። የመጀመሪያው ሰው ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው የተቀመጠባት። ጌታም ከቄድሮን ማዶ ወዳለው የአትክልት ስፍራ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ብዙ ጊዜ ይሄድ እንደነበር ዮሐንስ በምዕራፍ 18 ጽፏል።

ጸጋው ተወስዶብሽ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አያቃጥልሽም ነበር። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስጦታውን እንደ እሳት እንዲያቀጣጥል ያሳስበውና ወዲያው እግዚአብሔር የፍርሃት መንፈስ እንዳልሰጠን ይነግረዋል። የሚቀጣጠል ደግሞ አመድ የለበሰ ፍም ነው፤ የሌለ እሳት አይደለም።

ጽጌረዳ ስለምታሳድጊ ይህን ታውቂ ይሆናል። የጠወለገው አበባ ካልተቆረጠ ተክሉ ጉልበቱን ወደ ዘር ያዞራል፤ ሲቆረጥለት ግን አብዛኛው ዝርያ እንደገና ያብባል። ያንቺ የጠወለገ አበባ፣ እንደሚመስለኝ፣ የዛሬ 3 ዓመት የነበረችው ሠዓሊ ናት። ዛሬም እንደ እሷ ለመሣል ትሞክሪያለሽ፤ አልሆን ሲል ትተዪዋለሽ። ደርሳ አብባለች፤ አመስግነሽ ቁረጫት።

ነገ ማለዳ ስልክሽን ቤት ትተሽ እርሳስና ትንሽ ደብተር ይዘሽ ውጪ። እንደ ወትሮሽ አጠጪና ተቀመጪ። ቶሎ አትሣዪ። አንድ የጽጌረዳ ቅጠል መርጠሽ እያት። በአንዲት ዘንግ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 7 ትናንሽ ቅጠሎች ናቸው፤ አንዷ ጫፍ ላይ ብቻዋን፣ ሌሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው። ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ጤዛው የትኛዋ ጥርስ ላይ እንደተንጠለጠለ እስክታውቂ ቆዪ። ከዚያ ያቺን ጠርዝ ብቻ ሣዪ፤ ሥዕል ለመጨረስ አታስቢ። ለአንድ ወር ይህን አድርጊ፤ ለማንም አታሳዪ።

ልጆቹ ቀድመው ነቅተው ከመጡብሽም አትመልሻቸው። እርሳስ ስጫቸውና የየራሳቸውን ቅጠል ይምረጡ።